ሁለት ሙያ በአንድ ሰው፦ የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ ለመሆን ላሰቡና ለጀመሩ

በየጋራዡ፣ በየብየዳ ቤቱና በየስፌት ፋብሪካው ሰው ያፈሩ ባለሙያዎች አሉ። ትናንት ዳዶና ብሎን ሲያቀብላቸው የነበረው ልጅ ዛሬ የራሱን ቤት ከፍቶ ይሠራል። ከእነዚህ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ኮሌጅ ገብተው ማሠልጠን ያምራቸዋል፤ ከየት እንደሚጀመር የሚነግራቸው ሲያጡ ግን ሐሳቡን ይተዉታል። በሌላ በኩል ዲግሪያቸውን እንደያዙ በቀጥታ ወደ ማሠልጠኛ የገቡ ወጣቶች አሉ። መጽሐፉን ያውቁታል፤ ቶርኖው ፊት ሲቆሙ ግን ሠልጣኞቻቸው እንዳያዩባቸው ይሳቀቃሉ። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። አሠልጣኝነት ሁለት ሙያ ነው። አንደኛው የያዙት ሙያ ነው፦ ብየዳው፣ ስፌቱ፣ የመኪና ኤሌክትሪኩ፣ የምግብ ዝግጅቱ። ሁለተኛው ያንን ለማያውቅ ሰው ማስያዝ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ጥሩ ሠራተኛ መሆን ጥሩ አሠልጣኝ አያደርግም፤ ጥሩ ተናጋሪ መሆንም እንዲሁ። ሁለቱም ለየብቻ ይለመዳሉ፣ ሁለቱም ካልተሠራባቸው ይጠፋሉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሁለት ሙያዎች ጎን ለጎን ስለማቆየት ነው።

ወረቀትና እጅን ማስታረቅ

በመንግሥት ማሠልጠኛዎች አሠልጣኞች ሲ ሌቭል፣ ቢ ሌቭልና ኤ ሌቭል ተብለው ይመደባሉ። በአጭሩ ሲ ሌቭል የደረጃ ወይም የዲፕሎማ ምሩቅ፣ ቢ ሌቭል የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ኤ ሌቭል ደግሞ የሁለተኛ ዲግሪ ያለው ነው። የሥልጠና ደረጃዎቹ ለረጅም ጊዜ ከ1 እስከ 5 ነበሩ፤ ኋላ የመጣው ፖሊሲ ግን እስከ ደረጃ 8 እንዲዘልቁ መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ ዛሬ በደረጃ 4 የሚጀምር ሰው በዚያው በሙያው መስመር ወደ ላይ የሚሄድበት መንገድ አለው።

ሙያዎን የተማሩት ከአጎትዎ ወይም ከቀጣሪዎ ከሆነና በእጅዎ ምንም ወረቀት ከሌለ፣ የመጀመሪያው እርምጃ የብቃት ምዘና መውሰድ ነው። ሲኦሲ የሚባለው ይህ ምዘና ሙያውን ኮሌጅ ለተማረ ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። በሥራ ላይ የተማረ ሰውም ቀርቦ ይመዘናል፣ ሲያልፍም ሰርተፍኬቱን ይወስዳል። ከመመዝገብዎ በፊት የሙያዎን የሙያ ደረጃ ሰነድ ያግኙና ያንብቡ። እያንዳንዱ የብቃት አሃድ ምን ምን መሥራት እንደሚጠይቅ በዝርዝር ተጽፎበታል። አብዛኛውን በእጅዎ እንደሚያውቁት፣ ጥቂቱን ግን ነክተውት እንደማያውቁ ያያሉ። ጋራዥ ውስጥ ሁሌ ሞተር ሲያወርድ የኖረ መካኒክ የዋጋ ግምትና የሥራ ትዕዛዝ አጻጻፍ ላይ ይያዛል። ክፍተቱን ሞልተው ይቅረቡ።

ዲግሪ ይዘው እጅዎ ያልተፈታ ከሆነ ደግሞ ሥራው ተቃራኒው ነው። ቢያንስ አንድ ክረምት ደመወዝ ሳይመርጡ ሙያው በሚሠራበት ቤት ይዋሉ። ደንበኛ የሚያስቸኩልበት፣ ዕቃ የሚጠፋበት፣ ሥራ ተበላሽቶ የሚመለስበት ቦታ ይሁን። ለሠልጣኝ የሚነገረው እውነተኛ ነገር የሚገኘው እዚያ ነው።

የሥራ ልምድ ማስረጃን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ብዙ የቅጥር ማስታወቂያዎች ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት እንዲሆን ይጠይቃሉ። ዓመታት የሠሩ ሰዎች በዚህ ምክንያት ልምዳቸው ሳይቆጠርላቸው ይቀራል፤ ያሳዝናልም። ወደፊት ማሠልጠን ካሰቡ ከዛሬ ጀምረው ይህን ከቀጣሪዎ ጋር ይነጋገሩበት።

እጅ የሚያውቀውን ማውጣት

አዲስ አሠልጣኝ ከሁሉ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ረዘም አድርጌ የምቆየው ለዚህ ነው።

አንድ ሰው ሥራ ላይ ሲቆይ የሚያውቀው ነገር ከአፉ ወደ እጁ ይወርዳል። ሲጠይቁት አይነግርዎትም፤ ደብቆ ግን አይደለም፣ ማወቁን ራሱ ስለረሳው ነው። በአርክ ብየዳ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ማስኬድን እንውሰድ። የቆየ በያጅ ኤሌክትሮዱን ጫር አድርጎ ያስነሳል፣ ይስበዋል፣ አለቀ። ሠልጣኙ ያንኑ ሲሞክር ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ይጣበቅበታል። ሲያላቅቀው ይርቅና ብርሃኑ ይጠፋበታል። መልሶ ሲያስነሳ ደግሞ እንጥብጣቢ እንጂ መስመር አይወጣውም። በያጁ «እጅህን አረጋጋ» ይለዋል። ልጁ ግን እጁን ማረጋጋት መች ጠላ?

አሁን ያንኑ ሥራ ወረቀት ላይ በትነው ይዩት። 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ሲይዙ አምፔሩ ከ60 እስከ 90 መካከል ይሁን፤ ካነሰ ይጣበቃል፣ ከበዛ ቀጭን ላሜራ ይበሳል። በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት የኤሌክትሮዱን ውፍረት ያህል ይሁን። ኤሌክትሮዱ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ያዘንብል። ዓይን ብርሃኑን ሳይሆን ከኋላው የሚከተለውን የቀለጠ ብረት ይመልከት፤ ፍጥነቱ ልክ መሆኑን የሚናገረው የዚያ ኩሬ ስፋት ነውና። በመጨረሻም ኤሌክትሮዱ እየነደደ ስለሚያጥር እጅ ወደ ጎን ሲሄድ እግረ መንገዱን ወደ ታችም መውረድ አለበት። ጀማሪውን ሁሉ የሚያስቸግረው ይህ የመጨረሻው ነው። በያጁ በየቀኑ ያደርገዋል፣ ለማንም ተናግሮት ግን አያውቅም።

ስለዚህ የሚያሠለጥኑትን እያንዳንዱን ሥራ በአንድ ወረቀት ላይ በሦስት ረድፍ ይክፈሉት፦ እርምጃው፣ ቁልፍ ነጥቡ፣ ምክንያቱ። እርምጃው ምን እንደሚደረግ ይናገራል። ቁልፍ ነጥቡ ሥራውን የሚያሳምረው፣ የሚያበላሸው ወይም ሰው የሚጎዳው ምን እንደሆነ ያሳያል። ምክንያቱ ሠልጣኙ ነጥቡን እንዳይረሳው ያደርገዋል። ወረቀቱን ቢሮ ተቀምጠው አይጻፉት። ሥራውን በቀስታ እየሠሩ፣ ሌላ ሰው አጠገብዎ ቆሞ «አሁን ምን አደረግህ? ለምን?» እያለ ይጻፈው።

ሥራውን ከበተኑ በኋላ በአራት ደረጃ ያሳዩ። መጀመሪያ ሠልጣኙን ያዘጋጁ፦ ምን እንደሚሠራ ይንገሩት፣ ከዚህ በፊት የሚያውቀውን ይጠይቁት፣ በደንብ በሚያይበት በኩል ያቁሙት። ከዚያ አንዴ በተለመደው ፍጥነት፣ ሁለተኛ እርምጃዎቹን እየጠሩ፣ ሦስተኛ ቁልፍ ነጥቦቹንና ምክንያታቸውን እየተናገሩ ይሥሩ። ከዚያ እሱ ይሥራ፤ መጀመሪያ ዝም ብሎ፣ ቀጥሎ እየተናገረ። ሲሳሳት መሣሪያውን ከእጁ አይንጠቁት፤ በቃል ያርሙት። በመጨረሻ ለብቻው ይተዉት፣ ግን ተመልሰው ይዩት። ይህ ዘዴ የተደራጀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ፋብሪካዎች ሙያ በማያውቅ አዲስ ሠራተኛ ሲጥለቀለቁ በአጭር ጊዜ ሥራ ማስያዝ ግድ ሆነባቸው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጃፓን ተሻግሮ ካይዘን ለምንለው አሠራር አንድ ምሰሶ ሆነ። በ2009 እ.ኤ.አ. በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት (ጃይካ) ድጋፍ ወደ እኛ አገር የገባው ካይዘን በሌላ መንገድ የመጣልን የዚያው ቤተሰብ ነው። ማሠልጠኛዎቻችን ውስጥ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉት አምስቱ ማዎች ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ አራቱ የማሳያ ደረጃዎች ግን አብረው ቢለጠፉ ደስ ባለኝ።

ኮሌጅ ሲገቡ ይህ ሁሉ የራሱ ሰነድ አለው። ቲቲኤልኤም በሚባለው የሥልጠና መርጃ ውስጥ የመረጃ ወረቀት፣ ራስን መፈተሻ ጥያቄ፣ የአሠራር ቅደም ተከተል የያዘ ኦፕሬሽን ሺትና የተግባር ፈተና የሆነው ላፕ ቴስት ያገኛሉ። ከሌላ ተቋም የተቀዳውን እንዳለ ከመያዝ ኦፕሬሽን ሺቱን በራስዎ ሦስት ረድፍ ይተኩት። ሠልጣኝ የሚያነበውና አሠልጣኝ የሚያሳየው ሲለያይ ሠልጣኙ ሁለቱንም አያምንም።

መግቢያው በር

ቋሚ ቅጥር እስኪገኝ እጅዎን አጣጥፈው አይጠብቁ። የግል ኮሌጆች የማታና የቅዳሜና እሑድ ሥልጠና በትርፍ ሰዓት የሚሰጥ ባለሙያ ይፈልጋሉ። መንግሥታዊ ማሠልጠኛዎችም ለአጫጭር ሥልጠና ከውጭ ሰው የሚጋብዙበት ጊዜ አለ። ጥቂት ወራት እንዲህ መሥራት ሥራው እንደሚስማማዎት ያሳይዎታል፤ የማሠልጠን ልምድ ደብዳቤም ያስገኛል።

ለቅጥር ሲቀርቡ ከጽሑፍ ፈተና ሌላ የተግባር ፈተናና የማስተማር ሠርቶ ማሳያ ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ ባለሙያ ይወድቃል፤ የሙያውን ታሪክና ትርጉም በቃሉ እየወረደ ጊዜው ያልቅበታል። እርስዎ ትንሽ ሥራ ይምረጡ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ፣ ከፈታኞቹ አንዱ ሊሞክረው የሚችል ይሁን፤ በካሊፐር መለካት፣ የዚፕ አሰፋፍ፣ የመብራት ማጥፊያ ማገናኘት። ፈታኙ በእጁ ሠርቶ ከተነሳ ሥራዎን አሳይተዋል።

የመጀመሪያው መንፈቅ

የመጀመሪያ ሳምንትዎን ንብረት ክፍል ውስጥ ይጀምሩ። ኤሌክትሮድ፣ ክር፣ ዱቄት፣ ኬብል፣ የሚያልቀው ዕቃ ስንት እንደቀረ በዓይንዎ ይዩ። የዕቃ መጠየቂያውን ሞዴል 20 ሞልቶ ማስገባት፣ ፈቃድ፣ ግዥ፣ ከዚያ የዕቃ ማውጫው ሞዴል 22 ወጥቶ እጅዎ እስኪገባ ያለውን ጊዜ የቆዩ አሠልጣኞችን ይጠይቁና የተግባር ፕሮግራምዎን በዚያ ልክ ያውጡ። ዕቃ ሳይመጣ የተግባር ቀን ሲደርስ ሠልጣኝ ደብተር ላይ ማሽን ይስላል፤ የዚህን ያህል ሥልጠና የሚገድል ነገር አላየሁም።

ማሽን ሁሌም ከሠልጣኝ ያንሳል። ሁሉም አንዱን ከበው እንዲያዩ አያድርጉ፤ ከኋላ ያለው አያይም፣ ከፊት ያለውም አይሠራም። በቡድን ይክፈሏቸው። አንዱ ቡድን ማሽን ላይ ሲሆን ሌላው የተሠራውን ይለካ፣ ሦስተኛው ቀጣዩን ቁራጭ ምልክት ያድርግ፣ አራተኛው መሣሪያውን ያጽዳና ቦታው ይመልስ። በሰዓት ይቀያየሩ። ይህ ግን ቀድሞ ወረቀት ላይ ካልተሠራ ወርክሾፕ ውስጥ ሲደርሱ አይፈጠርም።

ስለ ደህንነት ለድርድር የሚቀርብ ነገር የለም። መነጽር፣ ጓንት፣ የተሸፈነ ጫማ፣ የታሰረ ፀጉር፣ የወለቀ ቀለበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። የብየዳ ብርሃን ዓይን የሚያቃጥለው ማታ ነውና ሠልጣኙ ቀን ላይ ምንም አልተሰማውም ብለው አይዘናጉ። እርስዎ ራስዎ ለአንድ ደቂቃ ብለው ያለ መነጽር ከሠሩ የተናገሩት ሁሉ ፈረሰ።

ስለ ሠልጣኞቹ ልብ ደግሞ ትንሽ ልበል። ብዙዎቹ ወደ እርስዎ የመጡት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ስላልመጣላቸው ነው፤ ጎረቤትም ይህን አስታውሷቸዋል። እጅ ሥራን ዝቅ አድርጎ ማየት በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። አጤ ምኒልክ ባለ እጁን በሙያው የሚሰድበውን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰው ነበር፤ ስድቡ ግን መልኩን ቀይሮ አሁንም አለ። ይህን በንግግር አያሸንፉትም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሠልጣኙ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው በራሱ እጅ የሚጨርሰው አንድ ነገር ያሠሩት፤ ከተራፊ ላሜራ የቆሻሻ ማፈሻ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የመሣሪያ መያዣ ሊሆን ይችላል። ስሙን ይጻፍበት። ቤት ወስዶ እናቱ ስትጠቀምበት ካየ፣ ሰኞ ሲመጣ ሌላ ሰው ነው።

ምዘናው

የሠልጣኞችዎ የብቃት ምዘና የእርስዎም ፈተና ነው፤ ተቋሙ እንዲያ ነው የሚያየው። ምዘናው የዕውቀትና የተግባር ክፍል አለው። ውጤቱም ብቁ ወይም ገና ብቁ ያልሆነ ነው። መዛኙ ከኢንዱስትሪ ወይም ከሌላ ተቋም የሚመጣ፣ ሠልጣኙ የማያውቀው ሰው ነው፤ ያሠለጠነ የራሱን ሠልጣኝ አይመዝንም።

ይህ የማያውቁት ሰው ጉዳይ ቀላል አይደለም። አንዲት ሠልጣኝ ነበረችኝ፤ በልኬት ከክፍሉ የሚደርስባት የለም። የምዘናው ቀን መዛኙ ወረቀቱን ይዞ ከኋላዋ ሲቆም ግን ካሊፐሩ በእጇ ተንቀጠቀጠ፣ ያነበበችውን ቁጥር ደጋግማ ሰረዘች። በሚቀጥለው ዙር ተመዝና አለፈች። ከዚያ በኋላ ከምዘናው በፊት አንድ የውጭ ባለሙያ ጋብዤ፣ እኔ ከወርክሾፑ ወጥቼ፣ ሠልጣኞቹን በሰዓት እንዲያሠራቸው ማድረግ ልማዴ ሆነ። እርስዎም ያድርጉት።

ያለፉ ዓመታት የምዘና ሥራዎችን ብቻ እያስደጋገሙ ማሳለፍ ግን አይገባም። እንዲህ ያለፈ ልጅ ቀጣሪው ዘንድ ሲደርስ በሳምንት ውስጥ ይታወቃል፣ የኮሌጁን ስምም ይዞ ይወርዳል።

ከሥራው ዓለም አለመራቅ

በትብብር ሥልጠና መርሕ 70 በመቶው ሥልጠና በድርጅት፣ 30 በመቶው በማሠልጠኛ እንዲሆን ነው የታሰበው። በተግባር ይህ የሚሳካው አሠልጣኙ ድርጅቱን ሲያውቀው ነው። ሠልጣኝ ከመላክዎ በፊት ሄደው ከባለቤቱ ወይም ከፎርማኑ ጋር ይቀመጡ። የትኞቹን ሥራዎች እንደሚያሠሩት በስም ይስማሙ፣ ለሠልጣኙም ሎግ ቡክ ይስጡት። ካልሆነ ልጁ ወሩን ሙሉ መኪና ሲያጥብና ሻይ ሲያመላልስ ከርሞ ይመለሳል። በሁለተኛው ሳምንት ሳይናገሩ ይሂዱና ልብሱን ይዩ፤ ግሪስ ካልነካው የት እንደዋለ ገብቶዎታል።

ወደ ድርጅት መመላለስ ለእርስዎም ነው። ሙያ ቆሞ አይጠብቅም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በየከተማው የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ካርቡሬተር ሲያስተምር የኖረ የአውቶ አሠልጣኝ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የተሸከመ ባትሪ ፊት ቆሟል። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚሠለጥነው ጥገናው አይደለም፤ ኃይሉን እንዴት እንደሚያቋርጡ፣ መቋረጡን እንዴት እንደሚያረጋግጡ፣ 1,000 ቮልት የሚችል ጓንት ቀዳዳ እንደሌለው እንዴት እንደሚፈትሹ ነው። ይህን የማያውቅ አሠልጣኝ በሙያው ተማሪ ሆኖ እንደገና መጀመር አለበት፤ ነውር የለበትም። በሳምንት ግማሽ ቀን፣ በክረምት ደግሞ ተከታታይ ሳምንታት ሙያው በሚሠራበት ቤት ይዋሉ። ለዚህ ፈቃድ ሲጠይቁ ምን ተምረው ምን ሞጁል ላይ እንደሚጨምሩ ጽፈው ያቅርቡ፤ ዲን እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመከልከል ይቸገራል።

የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ሥራም አለ። አሠልጣኝ ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች በቴክኒክ ክህሎት፣ በኢንተርፕርነርሺፕ፣ በካይዘንና በቴክኖሎጂ ድጋፍ እንዲሰጥ ይጠበቃል። ቅጽ ይዘው ከሄዱ ባለቤቱ ፈርሞ ይሸኝዎታል። ማሽኑ ለምን እንደሚሞቅ ወይም ጨርቁ ለምን እንደሚባክን አይተው ከፈቱለት ግን በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ይደውላል፣ ሠልጣኝም ይቀበልዎታል። ከአምስት ቦታ ቅጽ ከማስሞላት በአንድ ቦታ አንድ ችግር መፍታት ይበልጣል፤ ለሪፖርቱም ቢሆን የሚጻፍ ነገር ይሰጣል።

ወደ ላይ

ከሲ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ኤ የሚያሻግረው ትምህርት ነው። አዲስ አበባ ላምበረት የሚገኘው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት አሠልጣኞችን በመጀመሪያና በሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምር ተቋም ነው፤ የዕድሉን ማስታወቂያ በየጊዜው ከዘርፍዎ ኃላፊ ይከታተሉ። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ርዕስ ሲመርጡ ከራስዎ ወርክሾፕ ይነሱ፤ ሠልጣኞችዎ በየዓመቱ የሚወድቁበት የብቃት አሃድ ካለ ከዚያ የተሻለ ርዕስ አይገኝም።

ከዲግሪ ውጭም መንገድ አለ። መዛኝ ሆነው ይመዝገቡ፤ የሌላ ተቋም ሠልጣኞችን መመዘን የራስዎን ሥልጠና ጉድለት ያሳያል። ሠልጣኞችዎን ወደ ክህሎት ውድድር ያቅርቡ። በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ሆነ በክልል ቢሮዎች የሙያ ደረጃና ሥርዓተ ሥልጠና ሲከለስ ከአሠልጣኝ የሚጠየቅበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። በየመንፈቁ መጨረሻ በአንድ ደብተር ላይ ሦስት ነገር እየጻፉ ይቆዩ፦ የትኛው ሞጁል የተሰጠው ሰዓት እንዳነሰው፣ ቀጣሪዎች የጠየቁት ነገር ግን ሰነዱ ውስጥ የሌለው ምን እንደሆነ፣ ሰነዱ የሚጠይቀው ግን በየትኛውም ወርክሾፕ የማይገኘው መሣሪያ የትኛው እንደሆነ። ስብሰባው ላይ አጠቃላይ አስተያየት የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ገጽና መስመር ጠቅሶ «ይህ 40 ሰዓት ተብሏል፤ በእኛ ቤት 60 ይፈጃል፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው» የሚል ግን ጥቂት ነው፣ ቃለ ጉባኤው ላይ የሚሰፍረውም የእሱ ነው።